ጡብ በእሳት፣ ብሎኬት በውሃ፦ «ጠንካራ ግድግዳ እንዴት ይሠራል?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ጠንካራ ግድግዳ እንዴት ይሠራል?» በሚል ርዕስ የቀረበውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቤት ሊሠራ ለተነሣ ሰው በቀላል አማርኛ ለማስረዳት መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። እኔ ግንበኛ ሆኜ ጀምሬ በኋላ ሥራ ተቆጣጣሪ የሆንኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። የሚያሳስበኝ ሰው አንብቦ የሚሠራበት መሆኑ ነው። በጽሑፉ ከተሰጡት ምክሮች አንዳንዶቹ ቢተገበሩ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ አንደኛው ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ስህተቶቹን ደጋግሜ ስመለከታቸው አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ሆነው አገኘኋቸው። ጸሐፊው ጡብንና ብሎኬትን በመጠን ብቻ የሚለያዩ፣ በጠባይ ግን አንድ የሆኑ ዕቃዎች አድርገው ነው የሚያዩዋቸው። የሸክላ ጡብ የሚጠነክረው ውሃው ወጥቶለት በእሳት ሲበስል ነው። ብሎኬት የሚጠነክረው ውሃው ውስጡ ሲቆይለት ነው። ይህ ልዩነት ከማምረቻው ጀምሮ ግድግዳው ቆሞ ዓመታት እስኪያስቆጥር ድረስ አይለቃቸውም። ከዚህ በታች የጸሐፊውን ቃል በጥቅስ እያስቀደምኩ ምላሼን ከሥሩ አስቀምጣለሁ።

«ብሎኬት ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ከደረቀ ለግንባታ ዝግጁ ነው።»

ከሁሉም ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ከውሃ ጋር በመዋሐድ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን እ.ኤ.አ. በ1824 «ፖርትላንድ ሲሚንቶ» በሚል ስም የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ ዕቃው እጅግ ተሻሽሏል፤ ውሃ መፈለጉ ግን አልቀረም። የሲሚንቶው ቅንጣት ውሃ ሲያገኝ ከላዩ እየሟሟ፣ በዓይን የማይታዩ መርፌና ቅጠል መሳይ አዳዲስ ማዕድናት ይወጡታል። እነዚህ እርስ በርስ ተጠላልፈው አሸዋውንና ጠጠሩን አንቀው ይይዛሉ። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። በተለመደው ሲሚንቶ የተሠራ ኮንክሪት በ3 ቀን የሚይዘው ጥንካሬ በ28 ቀን ከሚደርስበት ከግማሽ በታች ነው፤ በ7 ቀን ወደ ሁለት ሦስተኛው ይጠጋል። ይህም እርጥበቱ ከተጠበቀለት ነው። በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ80 በመቶ ገደማ በታች ከወረደ ውሕደቱ ቆመ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ በሦስት ቀን የነጣው ብሎኬት ሥራው መሃል ላይ የተቋረጠበት ብሎኬት ነው። ብሎኬት ደግሞ ከሌላው ኮንክሪት ይልቅ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው፤ ድብልቁ ገና ሲጀመር ውሃው ጥቂት ነውና። ጥሩ የብሎኬት ድብልቅ በእጅ ጨብጠው ሲለቁት ቅርፁን ይዞ ይቀራል፣ መዳፍ ያረጥባል፣ ውሃ ግን አይንጠባጠብለትም። ውሃው ከዚያ ከበዛ ቅርፅ ማውጫው ሲነሣ ብሎኬቱ ይተኛል። ያቺ ጥቂት ውሃ ደግሞ በቀጫጭኖቹ የብሎኬቱ ግድግዳዎች ከውስጥም ከውጭም ለነፋስ ተጋልጣ በሰዓታት ውስጥ ትተናለች።

አንድ ጊዜ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ድብልቅ፣ በአንድ ማሽን የወጡ ብሎኬቶች ሁለት ቦታ ተከመሩ። ግማሹ ፕላስቲክ ለብሶ ውሃ ሲጠጣ ሰነበተ፤ ለሌላው ግማሽ ፕላስቲኩ ስላልበቃ ገላጣ ላይ ቀረ። ከሳምንታት በኋላ ወደ ግድግዳው ሲጓጓዙ ያልተሸፈኑት ጠርዛቸው በጣት እየተፈረፈረ ነበር። ሠራተኞቹ ሳይነገራቸው የትኛው ከየት እንደመጣ በድምፁ ብቻ ይለዩት ጀመር፤ አንዱ ሲቀመጥ ይጮኻል፣ ሌላው ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። ሲሚንቶው በሁለቱም እኩል ነበር፤ ገንዘቡም እንደዚያው። ያልተሸፈነው ክምር ውስጥ የገባው ሲሚንቶ ትልቁ ክፍል በከንቱ ቀረ።

መደረግ ያለበት ውድ አይደለም። ብሎኬቱ በወጣበት ቀን ከፀሐይና ከነፋስ ይከለል፤ በማግስቱ ውሃ ሲርከፈከፍበት የማይፈርስ ሲሆን ማጠጣት ይጀመር፤ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ጆንያ ወይም ፕላስቲክ ለብሶ ይቆይ። በእንፋሎት ክፍል የሚያበስሉ ፋብሪካዎች ይህን ጊዜ ያሳጥሩታል፤ እነሱም ቢሆኑ የሚያሳጥሩት ሙቀትን ከእርጥበት ጋር አብረው በመስጠት እንጂ በማድረቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ብሎኬቱ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። መድረቁ አስፈላጊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ ወደ እሱ ልምጣ።

«ጡቡም ብሎኬቱም ከመገንባቱ በፊት ውሃ ውስጥ ይነከር።»

ስህተቱ ያለው «ብሎኬቱም» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

የሸክላ ጡብ ውስጡ ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ደረቁ ጡብ እርጥብ ሞርታር (ጡብ የሚያያይዘው የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ላይ ሲቀመጥ ውሃውን ይመጠዋል፤ ሞርታሩም ከጡቡ ጋር ሳይያያዝ ይደርቃል። እንዲህ የተሠራ ግድግዳ ሲፈርስ ጡቦቹ ምንም ሳይለጠፍባቸው ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ፤ ለአፍራሽ ደስ ይላል፣ ለገንቢ ያሳዝናል። ጡቡ ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ሞርታር በሚያርፍበት ፊቱ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ተሥሎ ውስጡ 20 ጠብታ ውሃ ይንጠባጠብበት። ውሃው ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ከተመጠጠ ጡቡ ቀድሞ መርጠብ አለበት። መርጠብ ሲባል ግን ከበርሜል ወጥቶ ወዲያው መገንባት አይደለም፤ ፊቱ ውሃ የቋጠረ ጡብ ሞርታሩ ላይ እየተንሸራተተ አልቆም ይላል። ከሰዓታት በፊት ይጠጣ፣ ሲገነባ ፊቱ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይሁን።

ብሎኬት ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ነክረን ከገነባነው ያበጠውን ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ አሰርነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት እየደረቀ ይኮማተራል፤ ዳርና ዳሩ በኮለንና በመሠረት ስለተያዘ መሸሻ ያጣል፤ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። በልስን ላይ እንደ ደረጃ ተንሸራቶ የሚወርደው ወይም ከመስኮት ጥግ ወደ ላይ የሚነሣው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው። ባለቤቱ መሠረቱ የሰጠመ መስሎት ሲጨነቅ አይቻለሁ። ስለዚህ ብሎኬት በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ይጠጣል፣ ሲገነባ ግን ደረቅ ነው። አየሩ በጣም ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ሞርታር የሚያርፍበትን ፊት ብቻ እርጥብ ብሩሽ ዳሰስ ማድረግ ይበቃል።

የጡብ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ከእቶን የወጣ ጡብ በዕድሜው ሁሉ ትንሹ መጠኑ ላይ የሚሆነው በዚያች ቀን ነው። እሳቱ ያስወጣውን ውሃ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ቀስ በቀስ ያድጋል፤ መጀመሪያ ፈጠን ይላል፣ ከዚያ እየዘገየ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቀጥላል። የማንቸስተርና የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2009 የሸክላን ዕድሜ የሚለኩበት ዘዴ አቀረቡ። በእንግሊዝ ከካንተርበሪ ከተማ የተገኘ የመካከለኛው ዘመን ጡብ ሲመረመር ግን ዕድሜው 66 ዓመት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲጣራ ከተማዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተቀጣጣይ ቦምብ ተቃጥላ ነበር፤ ያ እሳት ጡቡን እንደገና ከእቶን እንደወጣ አድርጎት ሰዓቱን ከዜሮ አስጀምሮታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጡብ ግድግዳ ላይ ተኝቶ የማይተኛ ነገር መሆኑ ይገርመኛል።

ወደ ሥራችን ስንመልሰው፣ 10 ሜትር ርዝመት ያለው የጡብ ግድግዳ በጊዜ ብዛት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል፤ ያንኑ ያህል ርዝመት ያለው የብሎኬት ግድግዳ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሊያጥር ይችላል። ጸሐፊው «ለውበት ብሎኬቱን በጡብ አልብሱት፣ ሁለቱንም በአንድ ሞርታር አጣብቁ» ያሉትን በዚህ ዓይን መመልከት ያስፈልጋል። አንዱ እየረዘመ ሌላው እያጠረ በአንድ ሞርታር ከተያዙ መፋተጋቸው አይቀርም። መፍትሔው በመካከላቸው ክፍተት ትቶ በማይዝግ የሽቦ ማያያዣ ማገናኘት፣ እንዲሁም ለእንቅስቃሴ የሚሆን ክፍት መገጣጠሚያ መተው ነው፤ በብሎኬት በየ6 ሜትሩ ገደማ፣ በጡብ እስከ 12 ሜትር ባለው ርቀት።

«ሞርታሩ ላይ ሲሚንቶ በተጨመረ ቁጥር ግድግዳው ይጠነክራል።»

ብዙ ግንበኛ የሚያምንበት ነገር ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አምን ነበር።

ሞርታር ጡቦቹን ያያይዛል፣ በመካከላቸውም ፍራሽ ይሆናል። ማንኛውም ግድግዳ ይንቀሳቀሳል፤ መሠረቱ ጥቂት ይሰጥማል፣ ሙቀቱ ይለዋወጣል፣ ጡቡ ያድጋል፣ ብሎኬቱ ይኮማተራል። ሞርታሩ ከጡቡ ለስለስ ያለ ከሆነ ይህ እንቅስቃሴ በመቶዎች በሚቆጠሩ መገጣጠሚያዎች ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ቢፈጠርም ማንም አያየውም። ሲሚንቶ የበዛበት ሞርታር ግን ጠንካራ፣ ግትርና ብዙ የሚኮማተር ነው። እንቅስቃሴው መከፋፈል አቅቶት አንድ ቦታ ይከማችና ጡቡን ራሱን ሰንጥቆ ያልፋል። የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ ተፈቅፍቆ እንደገና ይሞላል፤ የተሰነጠቀ ጡብ ግን ምን ይደረጋል?

ጥንካሬውም ቢሆን ጸሐፊው እንዳሰቡት አይጨምርም። ግድግዳ ከላይ ሲጫነው ለስላሳው ሞርታር ወደ ጎን ሊወጣ ይፈልጋል፤ ከላይና ከታች ያለው ጡብ አጣብቆ ይይዘዋል፤ በዚህ ትግል ጡቡ ወደ ጎን ይሳባል። ጡብ መጫንን ይችላል፣ መሳብን ግን አይችልም፤ ስለዚህ በቁሙ ይሰነጠቃል። ግድግዳው ከተሠራበት ጡብ በእጅጉ የደከመ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የሞርታሩን ጥንካሬ በእጥፍ ብናሳድግ የግድግዳው ጥንካሬ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። የመገጣጠሚያውን ውፍረት መጠበቅ ብዙ ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣል፤ 10 ሚሊ ሜትር የሚባለው በልማድ ብቻ የመጣ አይደለም። የሞርታሩ ንጣፍ በወፈረ መጠን ወደ ጎን የሚወጣው ይበዛል፣ ጡቡም የበለጠ ይሳባል። አንዱ ጡብ አጥሮ ሌላው ረዝሞ ሲመጣ ግንበኛው ልዩነቱን በሞርታር ውፍረት ሲያስተካክል ግድግዳውን እያደከመ ነው።

ለተለመደ ከመሬት በላይ ሥራ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ ኖራ፣ 6 እጅ አሸዋ ለብዙ ትውልድ ተፈትኖ የተገኘ ድብልቅ ነው። ኖራው ውሃ አቅፎ ስለሚይዝ ጡቡ ሞርታሩን ቶሎ አይመጥበትም፤ ካዞላው (የግንበኛው ማንኪያ) ላይም ይለሰልሳል፤ ጥቃቅን ስንጥቅ ሲፈጠር ከዝናብ ውሃና ከአየር ጋር ተዋሕዶ መልሶ ይደፍነዋል። ጠንከር ያለው ድብልቅ ቦታ የለውም አልልም፤ ከመሬት በታች፣ ውሃ በሚያገኘው ሥፍራ፣ ፌሮ በሚገባበት ግድግዳ ላይ ያስፈልጋል። ሌላው ነገር፣ ማንኛውም ሞርታር በተቀላቀለ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ማለቅ አለበት። ከምሳ በኋላ የጠጠረውን ሞርታር ውሃ ጨምሮ ማላላት መጠናከር የጀመረውን ትስስር መበጣጠስ ነው። ይህን በጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

«ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ማታለያ ነው፤ ክብደት ማለት ጥንካሬ ማለት ነው።»

ሒሳቡን አብረን እናስላ። 40 በ20 ሴንቲ ሜትር መሠረት ያለው ብሎኬት በመጫኛ ማሽን ሥር 40 ቶን ያህል ጭነት ሲያርፍበት ተሰበረ እንበል። ቀዳዳውን ጨምረን በሙሉ ስፋቱ ብናካፍለው 5 ሜጋፓስካል ያህል ነው (1 ሜጋፓስካል በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ያህል ጭነት ማለት ነው)። ቀዳዳው ግማሹን ከያዘ ኮንክሪቱ ራሱ የተሸከመው 10 ሜጋፓስካል ነበር። አሁን ይህ ብሎኬት አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ምን ይሸከማል? 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ከነክብደቱ፣ ከላዩ 5 ሜትር የሚዘረጋ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ግማሹን ቢጭንበት፣ ግርጌው ላይ የሚያርፈው 0.15 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። ይህ ከብሎኬቱ አቅም ከሠላሳ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በተራ መኖሪያ ቤት ግድግዳ ተደፍጥጦ ሲወድቅ አይታይም። ግድግዳን የሚያሸንፈው ከጎን የሚመጣ ግፊት፣ የመሠረት መስጠምና እርጥበት ነው፤ ለእነዚህ ክብደት መጨመር መድኃኒት አይሆንም።

ቀዳዳው ደግሞ ሥራ አለው። አሜሪካዊው ሃርመን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1900 ባለቀዳዳ ብሎኬት ማምረቻ ማሽኑን ሲያስመዘግብ ዋናው ግቡ ቀላልና ፈጣን ሥራ ነበር፤ በኋላ ግን ቀዳዳው ፌሮ በቁሙ የሚያልፍበትና ኮንክሪት የሚሞላበት መንገድ ሆነ። ድፍን ጡብ ይህን ዕድል አይሰጥም። ክብደት ጥንካሬ ቢሆን ኖሮ ስዊድናዊው አክሰል ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፈለሰፈው አረፋማ ብሎኬት ቤት ባልተሠራበት ነበር። ሲሚንቶ፣ ኖራና የተፈጨ አሸዋ ላይ ጥቂት የአሉሚኒየም ዱቄት ሲጨመር ጋዝ ይወጣና ድብልቁ እንደ ሊጥ ይነፋል፤ ከዚያ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በከፍተኛ ግፊት በእንፋሎት ይበስላል። ብዙው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ ሆኖም ጥቂት ፎቅ ያላቸው ቤቶችን ተሸክሞ ቆሟል፣ ሙቀትንም ከድፍን ኮንክሪት በብዙ እጥፍ የተሻለ ይከላከላል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ልመስክር፤ ብሎኬት ሥራ ያፋጥናል። 39 በ19 ሴንቲ ሜትር ፊት ያለው ብሎኬት ከ1 ሴንቲ ሜትር ሞርታር ጋር በካሬ ሜትር 12 ተኩል ይገባል። 21.5 በ10.25 በ6.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጡብ ያንኑ ውፍረት ለማግኘት 120 ገደማ ጡብ ያስፈልጋል። ከዚህ ተነሥተው «ጡብ ጊዜው አልፎበታል» ማለታቸው ግን አያስኬድም። ጡብ በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ልስን የማይፈልግ፣ ከ900 ዲግሪ በላይ እሳት አንዴ ያለፈ በመሆኑ ቃጠሎ የማይበግረው ዕቃ ነው። ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው።

«ቀይ ጡብ የበሰለ ነው፤ ገርጣ ያለው ጥሬ ነው።»

ቀለሙን የሚወስነው በመጀመሪያ አፈሩ ነው። ብረት ያለበት ሸክላ በቂ አየር ባለበት እቶን ሲቃጠል ይቀላል፤ አየር ሲነፈገው ወደ ሰማያዊና ጥቁር ይሄዳል። ደቆ የተሰራጨ ኖራማ ድንጋይ የበዛበት ሸክላ ሙሉ በሙሉ በስሎም ቢጫ ወይም ክሬም ይሆናል። ከአንድ አፈር፣ ከአንድ እቶን የወጡ ጡቦችን ለማወዳደር ቀለም ጥቂት ይረዳል፤ ከተለያየ ቦታ የመጡትን ለመለየት ግን አይሆንም። የሚታመነው ሌላ ነው። ሁለት ጡብ ሲጋጩ እንደ ደወል ይጩኹ። ፊቱ በጥፍር አይጫር። ተሰብሮ ሲታይ መሃሉ እንደ ጠርዙ ወጥ ይሁን፤ ጥቁር እምብርት ካለው እሳቱ ቸኩሎ ውስጡ ያለው ካርቦን ሳይቃጠል ቀርቷል። የደረቀው ጡብ ተመዝኖ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ አድሮ እንደገና ሲመዘን ጭማሪው ከ20 በመቶ አይብለጥ። በስብራቱ ላይ ነጫጭ የኖራ እንክብሎች ከታዩ ደግሞ ጡቡ ቢቀላም አይገዛ፤ እንክብሉ በእሳት ያልበረደ ኖራ ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ እርጥበት ሲያገኝ አብጦ የጡቡን ፊት እያስፈነጠረ ይጥለዋል።

«ያልተቃጠለ የአፈር ጡብ ዝናብ ሲያገኘው ይቀልጣል፤ የደሃ ግድግዳ ነው።»

በየመን የምትገኘው የሺባም ከተማ ከጭቃ ጡብ የተሠሩ ረጃጅም ቤቶች አሏት፤ አብዛኞቹ የ16ኛው መቶ ዘመን ሥራዎች ሲሆኑ ከፍታቸው እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ዝናብ ጠላታቸው መሆኑ እውነት ነው። ለዚህም ነው ጣሪያቸውና ግርጌያቸው በኖራ የሚለሰነው፣ ልስኑም በየጊዜው የሚታደሰው። ደህና ባርኔጣና ደህና ጫማ ካለው የአፈር ግድግዳ ይቆማል፤ ባርኔጣው ሰፊ ጣሪያ፣ ጫማው ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ነው። ከዚህም አልፎ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኮሎምቢያ ውስጥ ራውል ራሚሬዝ የሠራው በእጅ የሚሠራ መጭመቂያ አፈርን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ጨምቆ ሥርዓት ያለው ብሎኬት ማውጣት አስቻለ። ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ያለበት የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ውሃ ውስጥ ቢያድርም አይፈርስም፤ አፈሩ ግን መመረጥ አለበት። ሸክላው ከበዛ ብሎኬቱ ሲደርቅ ይተረተራል፤ አሸዋ ይጨመርበታል፣ ወይም በሲሚንቶ ፈንታ ኖራ ይገባበታል። ይህም እንደ ብሎኬት ሁሉ ለሳምንታት እርጥበቱ ተጠብቆ መቆየት ይፈልጋል። የአፈር ጡብ እውነተኛ ድክመት ዝናብ ሳይሆን መሬት ስትንቀጠቀጥ ነው፤ ጸሐፊው በመጨረሻ ያነሡትም ይህንኑ ነው።

«ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ለመሬት መንቀጥቀጥ ፌሮ አያስፈልገውም።»

ሰው ሊገድል ይችላል ያልኩት ምክር ይህ ነው።

ውፍረት የቁም ጭነትን ለመሸከም ይረዳል። በቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1891 የተጠናቀቀው የሞናድኖክ ሕንፃ ሰሜናዊ ክፍል 16 ፎቁን በጡብ ግድግዳ ተሸክሟል፤ ለዚህም የግድግዳው ግርጌ 1.8 ሜትር ውፍረት አስፈልጎታል። መሬት ወደ ጎን ስትወዛወዝ ግን ግድግዳውን የሚገፋው ኃይል ከራሱ ከግድግዳው ክብደት ይመነጫል፤ ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱም በእጥፍ ይጨምራል። ጡብና ሞርታር ደግሞ ሲሳቡ ደካሞች ናቸው። ግድግዳው ጥጎቹ ላይ ይላቀቃል፣ ወደ ውጭ ይዘነበላል፣ ጣሪያው ይከተለዋል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1933 በካሊፎርኒያ የሎንግ ቢች መሬት መንቀጥቀጥ ብዙ የጡብ ትምህርት ቤቶችን አፈራረሰ። ተማሪዎቹ የተረፉት ሰዓቱ አመሻሽ ስለነበረ ነው። በአንድ ወር ውስጥ የትምህርት ቤቶች ግንባታ የሚመራበት ጥብቅ ሕግ ወጣ፤ ፌሮ የሌለው የጡብ ግድግዳም ከትምህርት ቤት ሥራ ወጣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 በኢራን ባም ከተማ የጭቃ ጡብ ቤቶች ወፍራም ግድግዳቸውና ከባድ ጣሪያቸው በነዋሪው ላይ ወደቀ፤ ከ26,000 በላይ ሰው ሞተ። ሄይቲ ላይ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የወደቁት ብዙዎቹ ቤቶች የብሎኬት ነበሩ፤ ብሎኬቱ ደካማ፣ ፌሮው ጥቂት፣ ትስስሩ የላላ ነበር። ጥፋቱ የጡብ ብቻ ወይም የብሎኬት ብቻ አለመሆኑን ከሦስቱ ማየት ይቻላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው፣ አስቸጋሪም አይደለም። ቺሌ የቺያን ከተማን እ.ኤ.አ. በ1939 ካወደመው መንቀጥቀጥ በኋላ በስፋት የያዘችው አሠራር አለ። መጀመሪያ ግድግዳው ጫፎቹ እንደ ጥርስ ወጣ ገባ እንዲሉ ተደርጎ ይገነባል፤ ከዚያ ፌሮ የቆመበት ቀጭን ኮለን በጥርሶቹ መካከል ይሞላል፤ ከላይ የአርማታ መቀነት ዙሪያውን ይታጠቃል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ኮለኑ ቀድሞ ቆሞ ግድግዳው በኋላ ከተሞላ ሁለቱ ተለያይተው ይወዛወዛሉ፤ ግድግዳው ቀድሞ ኮለኑ ከላዩ ከተሞላ ግን ኮንክሪቱ ጥርሶቹ ውስጥ ገብቶ ስለሚነክስ አንድ አካል ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቺሌን የመታው በ8.8 የተለካ መንቀጥቀጥ ሲመጣ በዚህ መንገድ የተሠሩት ዝቅተኛ ቤቶች አብዛኞቹ ነዋሪዎቻቸውን አተረፉ። ፌሮ ለመጨመር አቅም ለሚያጥረው ሰው መቀነቱ ከሁሉ ይቅደም፤ በመሠረቱ፣ በበርና መስኮት አናትና በጣሪያው ሥር ጥግ ሳይቋረጥ የሚዞር። በበርና በጥግ መካከል ያለው የግድግዳ ቁራጭም ከ60 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን እንዲያነሡት አልጠይቅም፤ የጀመሩት ሥራ ጠቃሚ ነው። ሁለት ነገር ግን ዛሬውኑ ቢያርሙ እወዳለሁ። ፌሮ አያስፈልግም ያሉት መስመር ይውጣ። «ሦስት ቀን» የሚለው ደግሞ ቢያንስ «7 ቀን እርጥብ፣ ከዚያ እስከ 28 ቀን በጥላ» ተብሎ ይተካ፤ ይህን ትናንት አንብቦ ዛሬ ጠዋት ብሎኬቱን ፀሐይ ላይ የደረደረ ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ፕላስቲክ ካለበሰውና ነገ ጠዋት ውሃ ማጠጣት ከጀመረ ገና አልረፈደበትም።